ኋላ ማርሽ ሲገባ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ካላመናችሁኝ አትመኑኝ... አልቀየምም። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ደግሞ በሌሊት አይደለም። አስፈሪ ነገር ሁሉ ጨለማ እስኪሆን የሚጠብቅ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እሁድ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ዲላ። የበልግ ዝናብ ዘንቦ አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አስፋልቱ በሚጨስበት ሰዓት።

ቦታው የባርናባስ ጋራዥ ነው። ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሩ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚከፈት አሮጌ ጋራዥ። የእኔ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊቱ ነው። ባርናባስ ያየውን እሱ ራሱ ነግሮኛል። የመጨረሻውን ግን አብረን አየነው።

ባርናባስን የዲላ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ዝምተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር እንኳን ከኋላ ቆሞ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሰው ሲሰድበው "እሺ" ይላል፤ ያ ነው መልሱ።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሰማያዊ አውቶሞቢል በአይሱዙ እየተጎተተች መጣች። አሮጌ፣ የጀርመን ሥሪት። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤ አያያዟም ከእኔ ይበልጣል።

ባርናባስ እንዳያት እጁን ይጠርግበት የነበረው ጨርቅ ወደቀበት።

የጋሽ ወልደዮሐንስ መኪና ነበረች።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ወናጎ የሚኖር የቡና ነጋዴ ነበር። ልጅ አልነበረውም። መኪናዋን ያጥባታል፣ ያወራታል፣ ሰርግ ላለበት ሰው ሁሉ ያውሳታል። ከባርናባስ ሌላ መካኒክ እንዲነካት አይፈቅድም። ሁለቱ ኮፋኖ ከፍተው ሲጎነበሱ አባትና ልጅ ነበር የሚመስሉት።

ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ሞተ። ግቢው ውስጥ... በገዛ መኪናው ሥር ተጨፍልቆ ተገኘ። ሞተሩ እንደበራ ነበር።

"አርጅታለች፤ ማርሹ ሾልኮ ነው" አለ ታናሽ ወንድሙ ዘነበ። "እኔ ያን ቀን አሪቻ ሄጄ ቡና ሳስጭን ነበርኩ። ብኖር ኖሮ..." እያለ ደረቱን ደቃ።

ሰውም "እውነት ነው፣ ማርሹ ሾልኮ ነው" ብሎ ቀበረው። መኪና አፍ የላት፣ ምን ትላለች?

እንግዲህ ያን ጠዋት ከአይሱዙው የወረደው ይኸው ዘነበ ነው። የሟች ወንድሙን ኮት ለብሷል።

"ባርናባስ፣ እንዴት ነህ ወንድሜ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ዘነበ።"

"ይህችን ለእሁድ አድርስልኝ። የካምቢዮ ዘይት ታፈሳለች እንጂ ሌላ ችግር የለባትም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታፈሰው?"

"እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነዳትም። ቆማ ግን ጠብ አትልም። ሞቃ፣ ኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው የምታፈሰው።"

"እሺ" አለ ባርናባስ።

"ለእሁድ እንዳትለኝ ነገ ዛሬ። ሽማግሌ ይዤባት ነው የምሄደው። የወንድሜ ቤት ባዶ አይቀርም።"

ነገሩ ገባችሁ? "ዋርሳ ነኝ" ብሎ የወንድሙን ሚስት የትምወርቅን ከነቤቷ ሊወርሳት ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን አትፈቅድም። የዘነበ ዘመዶች ግን "የአባቶች ወግ ነው" እያሉ መቀመጫ መቆሚያ አሳጥተዋታል። እሷ አሻፈረኝ ብላ እስከዚያ ቀን ቆይታለች። እሱ ደግሞ በሌላ ሳይሆን በባሏ መኪና፣ በባሏ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሯ ላይ ሊቆም ፈለገ።

በማግሥቱ ባርናባስ ከጋራዡ ጠራኝ።

"ና፣ ፍሬን ያዝልኝ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳችሁ። የዚህች መኪና ካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኗ ማለቴ ነው፣ አውቶማቲክ ነው። ዘይቱም ቀይ ነው። የት ጋ እንደሚያፈስ ለማየት ሞተሩ በርቶ፣ ሞቆ፣ ማርሹ በየተራ እየገባ ነው የሚታየው። አንዱ ከታች ይተኛል። ሌላው ከላይ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፣ ማርሽ ይቀይራል። ብቻውን የሚሞክረው ሰው የለም።

ከላይ ያለው የታችኛውን ነፍስ በእግሩ ረግጦ ይዟል ማለት ነው።

ስለዚህ ባርናባስ መጀመሪያ ጎማዎቹ ሥር በድንጋይ ታኮ ያደርጋል። ከዚያ ከታች ሆኖ "ያዝከው?" ብሎ ይጠይቃል። የላይኛው "ይዣለሁ" ይላል። ያ መልስ ሳይመጣ እጁን አይልክም። ይህን ልማድ ያስያዘው ጋሽ ወልደዮሐንስ ነው፤ እሱም ያለዚያ አይሠራም ነበር።

"ያዝከው?"

"ይዣለሁ።"

"ወደፊት አስገባ።"

አስገባሁ።

"ምንም የለም... መልሰው። አሁን የኋላውን።"

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባሁት። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ከሥሬ ድምፅ መጣ።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ከዚያ ዝም አለ።

"ባርናባስ?"

አንገቴን በመስኮቱ አወጣሁ።

"ባርናባስ! አለህ?"

"ሞተሩን አጥፋው።" ድምፁ የእሱ አይመስልም።

ሲወጣ ግንባሩ ቀይ ዘይት ነክቶታል። አልጠረገውም። መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

"እውነቱን ነው" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ማን?"

"ዘነበ። ኋላ ማርሽ ሲገባ ብቻ ነው የምታፈሰው።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ጋሽ ወልዴ ታፈሳለች ብሎኝ አያውቅም። ለትንሹም ለትልቁም ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ያን ቀን ነው የጀመራት። ያን ቀን ደግሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነዳትም።"

"እና?"

"እና ኋላ ማርሽ ሲገባ እንደምታፈስ የሚያውቀው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከታች የተኛውና... ከላይ የተቀመጠው።"

አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

"ከታች የተኛው ሞቷል" አለ ባርናባስ።

ያን ጊዜ ዓይኑን ብታዩት... ያንን የ"እሺ" ሰው አታውቁትም ነበር። እኔም ደሜ ፈላ። ለቅሶ ላይ ከሁሉ በላይ ሲጮህ የነበረው ዘነበ ትዝ አለኝ። ሳጥኑን ከፊት ሆኖ የተሸከመው እሱ ነበር!

"ፖሊስ ጋ እንሂድ" አልኩት።

"ምን ብለን? ዘይት መሰከረ ብለን?"



ሐሙስ የትምወርቅ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ ጉንጯ ሟሙቶ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም።

"ጨርሰሃታል?"

"አልጨረስኩም እትዬ።"

"አትጨርሳት። በእግዜር ባርናባስ... እሷ የተነሣች ቀን እኔም አልቆልኛል።"

"እትዬ የትምወርቅ፣ ያን ቀን ዘነበ ወናጎ ነበር?"



"እኔ ገበያ ነበርኩ። ማንን ልጠይቅ? ማን ይመሰክርልኛል? 'ሐዘን አዙሯት ነው' ይሉኛል።"

የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ... የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ልትሄድ ስትል እጇን ኮፋኖው ላይ አሳረፈች። ወዲያው መለሰችው።

"አሁን ነድተሃት ነበር?"

"ኧረ አልነዳኋትም። ከትናንት ጀምሮ አልተነሣችም።"

"ሞቃለች" አለች የትምወርቅ።

ባርናባስ እጁን ሰደደ። እውነቷን ነበር። ልክ ከሩቅ መንገድ እንደገባች መኪና ትሞቃለች...

ባርናባስ ግን የጀመረውን ሥራ መተው የማይሆንለት ሰው ነው። ደግሞ "ሠርቼ፣ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኑን እያየሁ እጠይቀዋለሁ" ብሎ ቆርጧል። ዓርብ የካምቢዮውን የታች ክዳን ፈታ፣ ዘይቱን የሚያግደውን ጓርኒሲዮን ቀየረ፣ ያፈሰሰውን ጠራርጎ አጠበ። እኔ ፍሬን ያዝኩለት። ወደፊት... ወደ ኋላ... ጠብታ የለም። እንዲያም ሆኖ እንደ ልማዱ ከሥሯ ካርቶን ዘርግቶ፣ በሩን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ካርቶኑ ጠዋት ላይ ጠብታው ከየት እንደመጣ ይናገራላ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት እጄን ይዞ ወሰደኝ።

"እይ" አለ።

ካርቶኑ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ዘይት ረጥቧል። ከካምቢዮው ሥር ብቻ አይደለም። ዘይት የሚያፈስ ነገር በሌለበት ቦታ ሁሉ... ከፊት እስከ ኋላ ዘንቦበታል።

መሃሉ ላይ ግን ደረቅ ቦታ አለ። አንዲት ጠብታ ያልነካችው።

ራስ። ትከሻ። ሁለት እግር።

አንዱ እጅ ወደ ሾፌሩ በር በኩል ተዘርግቷል።

ጠብታው ሲወርድ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶበት ነበር... አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሥሯ ተኝቶ አድሯል።

"በሩ ተቆልፎ ነበር?" አልኩት።

"ራሴ ነኝ የከፈትኩት።"

ካርቶኑን አቃጠልነው። እንዳቃጠልነው እኔ ወደ ሱቄ ሮጥኩ፤ አልዋሻችሁም፣ ፈርቻለሁ። ባርናባስ ግን ተመልሶ ገባ።

እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን እየወለወለ ነበር። ሞተሩ ጠፍቷል። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

ከእግሩ ሥር... ከወለሉ በታች... አንድ ሰው በሹክሹክታ ጠየቀ።

"ያዝከው...?"

ባርናባስ ደግሞ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ሳያስብ እግሩን ፍሬኑ ላይ አድርጎ መለሰ።

"ይዣለሁ።"

ከዚያ ነቃ።

የማታውቀው ድምፅ ሲጠራህ አቤት አትበል ይሉናል ትልልቆቹ። እሱ መልስ ሰጥቷል። ወርዶ ከሥሯ አጎንብሶ አየ። ማንም የለም። ዘይትም የለም።

"ፈራህ?" አልኩት በኋላ ሲነግረኝ።

"አልፈራሁም" አለኝ። "ናፈቀኝ። ድምፁ ናፈቀኝ። ከዚያ በጣም ተናደድኩ።"

እሁድ መጣ።

እሁድ ሱቅ አልከፍትም። ያን ቀን ግን ባርናባስን ብቻውን መተው አልሆንልኝ ብሎ ግማሽ በር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ዘነበ በባጃጅ መጣ። ያንኑ ኮት ለብሷል፤ ጫማውን አስጠርጓል። ሽማግሌዎቹ ወናጎ ላይ እየጠበቁት ነው።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። ኋላዋ ወደ ቁልቁለቱ ነው።

"አለቀች?"

"አለቀች።"

"አታፈስም?"

"አሁን አታፈስም።"

"ታኮውን አንሣልኛ።"

"አንተ አንሣው" አለ ባርናባስ።

ዘነበ ሳቀ። ድንጋዮቹን በእግሩ እየገፋ አወጣቸው። ገብቶ ተቀመጠ። አስነሣት። እውነቱን ለመናገር የዚያች መኪና ሞተር ድምፅ ያስቀና ነበር።

ባርናባስ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

"ጋሽ ዘነበ... አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ቶሎ በል፣ ሰዓት ሄዶብኛል።"

"ኋላ ማርሽ ሲገባ እንደምታፈስ ማን ነገረህ?"

የዘነበ እጅ ማርሹ ላይ ቀረ።

"...ወንድሜ ነዋ። ድሮ ነግሮኝ ነበር።"

"ድሮ አታፈስም ነበር። የጀመረችው የሞተ ቀን ነው።"

ከመንገዱ ማዶ ሆኜ የዘነበን ፊት አየሁት። መጀመሪያ ባዶ ሆነ። ከዚያ... ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም።

"ታዲያ ምን ይጠበስ?" አለ። "ለማን ትነግራለህ? ለመኪናዋ?"

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ነው።

"ያዝከው...?"

እኔ አልሰማሁም። ባርናባስ ሰምቷል። ዘነበም ሰምቷል፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ከንፈሩ አመድ መሰለ።

"ማነው ከታች?"

"ማንም የለም።"

"ሰው አስገብተሃል!"

"ማንም የለም ጋሽ ዘነበ።"

"ዘኔ..." አለ ድምፁ። "ዘኔ... ያዝከው?"

ዘኔ ብሎ የሚጠራው በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዘነበ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጎ ዘሎ ወረደ። ሞተሩ በርቷል። በሩ ተከፍቷል። ወደ ኋላ ዞሮ ከጎማው ኋላ ተንበረከከ።

"ውጣ! ውጣ ብያለሁ! ማን እንደላከህ አውቃለሁ!"

ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ። ራሱን ወደ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ትከሻውን።

ከዚያ ዝም አለ።

ባርናባስ የተከፈተው በር አጠገብ ቆሞ ነበር። ዘነበ ከሥር ሲናገር ሰማው፤ እንደ ትንሽ ልጅ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ወንድም ጋሼ...?"

ቀጭ።

ባርናባስ ወደ ውስጥ አየ። ወንበሩ ባዶ ነው። ማርሹ ከፓርክ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላው ገባ። በራሱ... ቀስ ብሎ... የሚያውቅ እጅ እንደሚያስገባው።

መኪናዋ ተንቀጠቀጠች።

"ባርናባስ!" ጮኸ ዘነበ። "ፍሬኑን! ፍሬኑን ያዝልኝ! ያዝከው? ባርናባስ፣ ያዝከው?!"

ፍሬኑ ከባርናባስ እግር አንድ እርምጃ ነበር።

ይደርስ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ፤ እኔም አይቻለሁ። "ይዣለሁ" የምትለው ቃል ምላሱ ላይ መጥታለች።

ዋጣት።

እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ፖሊስ "አሮጌ መኪና ነው፣ ማርሹ ሾልኮ ነው" አለ። ሰውም "እውነት ነው" አለ። ዘነበ ራሱ ያስተማራቸው ቃል ነው። ባርናባስን ፈርጄበት እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልፈረድኩበትም። እናንተ ግን የፈለጋችሁትን በሉ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው።

መኪናዋ ዘነበን አልፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ባዶዋን፣ በሯ እየተወዛወዘ፣ ወደ ወንዙ። ከታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። እየጮህኩ ተከትዬ ሮጥኩ። ቁልቁለቱ ከሁሉ በሚከፋበት ቦታ ላይ ስትደርስ የኋላ መብራቶቿ ቦግ አሉ።

የፍሬን መብራቶቹ።

ቀስ ብላ... ጎማዋ ሳይንሸራተት... ቆመች። ሞተሩም ጠፋ።

ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ሰው ተሰበሰበ፤ የሚጠጋት ግን ጠፋ። ፖሊሶቹ እንኳን ከሩቅ ነበር የሚዞሯት። የትምወርቅ ከወናጎ በሞተር ሳይክል እስክትደርስ ድረስ መብራቶቹ እንደበሩ ነበሩ።

የትምወርቅ አላለቀሰችም። ማንንም ምንም አልጠየቀችም። በሰዎቹ መሃል አልፋ ወረደች፣ በሾፌሩ በር በኩል ቆመች፣ በነጠላዋ ጫፍ ከበሩ ላይ ጭቃውን ጠረገች። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አለች። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማኋት።

"በቃ ወልዴ... ይበቃሃል። እግርህን አንሣ።"

መብራቶቹ ጠፉ፤ ፍሬኑ ተለቀቀ።

ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ የለም። ማርሹም ነፃ ላይ ነበር፣ አይቻለሁ።

መኪናዋ ግን ከዚያ ቁልቁለት ላይ ንቅንቅ አላለችም።